አሥራ አራቱ ቀያይ ነጠብጣቦች

ጀላሉዲን ኑርሑሴን ቀለም ማንበብ የተማረው ትምህርት ቤት አይደለም፤ ወረታ ውስጥ በነበረው የአባቱ የጨርቅ ሱቅ ነው። አባቱ ኑርሑሴን ሁለት ጥቅል ጨርቅ ጎን ለጎን ይዘረጉና፣ «ይህኛው ቀይና ያኛው ቀይ አንድ ናቸው?» ብለው ይጠይቁታል። አንድ ናቸው ካለ አለቀለት። አንዱ በር ላይ ወጥቶ በፀሐይ ሲታይ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ሌላው ወደ ሐምራዊ ይሸሻል። አንዲት ገበያተኛ አምና ከገዛችው ቀሚስ ጋር የሚገጥም ጨርቅ ፈልጋ መጥታ የማይገጥመውን የሸጠላት ነጋዴ በሚቀጥለው ገበያ ምን ዓይነት ስድብ እንደሚጠብቀው ኑርሑሴን ከራሳቸው ያውቁታል። ልጁ በዐሥር ዓመቱ ሰባት ዓይነት ቀይ ለየ። አባት ሱቁ ወራሽ አገኘ ብለው ደስ ሲላቸው፣ ልጅ ሆዬ ባሕር ዳር ሄዶ ንድፍ ተማረና ካርታ ሠሪ ሆኖ ቁጭ አለ። አባት ሁለት ወር አኮረፉ። በሦስተኛው ወር ጥሩ ማስመሪያ ከነእርሳሱ ገዝተው ላኩለት።

በ1972 ዓ.ም. ሥራ ብሎ ኦጋዴን ወረደ። እዚያ ነዳጅ ይፈለግ ነበር። የጀላሉዲን ሥራ ለሰሚው ግራ ነው፤ ከሳተላይት በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ፣ ከነዳጅ ጉድጓዶቹ አጠገብ ያሉትን የቁጥቋጦ ቁራጮች እየፈለጉ መከታተል። ከጉድጓዱ የሚፈሰው ጭቃና ቅባት ዙሪያውን ያለውን ግራር ያደርቀዋል ወይስ አያደርቀውም? ያለ ዝናብ የለመለመውስ፣ ያለ ምክንያት የገረጣውስ ከሥሩ ምን ቢኖር ነው? ጥያቄው ይህ ነበር። ፎቶውን የሚያነሣው የአሜሪካ ሳተላይት፣ ፎቶውን የሚያነቡት የሶቪየት ባለሙያዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ሁለቱ ኃያላን አንድ ላይ የተመለከቱት ነገር ቢኖር የኦጋዴን ግራር ሳይሆን አይቀርም።

በነዚያ ፎቶዎች ላይ ሕይወት ያለው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ አይታይም። ሳተላይቱ የሰው ዓይን የማያየውን ብርሃን ስለሚያይ፣ የለመለመው ሁሉ እንደ በርበሬ ይቀላል፤ የደረቀው መሬት ግራጫ ይሆናል። ሌላው ባለሙያ «ቀይ» ብሎ የሚያልፈውን ጀላሉዲን ይኼ ሣር ነው፣ ይኼ ግራር ነው፣ ይኼ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው እያለ ይለየው ነበር። ዋናው ሙያው ግን ይህም አልነበረም። ፎቶውን አያምንም፤ ሙያው እሱ ነው። በዚያ ሐሩር በእግሩ ሄዶ የቁጥቋጦዋን ቅጠል በጣቱ ሳይዳብስ ወረቀት ላይ አንድ ቃል አይጽፍም። የሶቪየቱ አለቃው በዚህ ልማዱ ይስቅበት ነበር፤ ሲፈርም ግን የጀላሉዲንን ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል።

በ1976 ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ። ዘይነትን አገባ፤ እሷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። እሱም ስሙን እስከ መጨረሻው ለመጥራት መሐል ላይ ትንፋሽ መውሰድ በሚጠይቅ አንድ መሥሪያ ቤት ተመደበ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በመስኮቱ ጣና ይታያል፣ ደንገል የጫኑ ታንኳዎች ሲያልፉ ይታያሉ። አለቃው መርስዔ ኀዘን ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በሰላም ወጥተው ቤታቸው መግባትን እንደ ትልቅ ድል የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ።

በ1977 ኅዳር ላይ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ከሐይቁ ደቡብ፣ ከባሕር ዳር እስከ ዱርቤቴ ባለው አገር ሰፊ የኑግ እርሻ ይቋቋማል፤ አገሪቱ የምግብ ዘይት ትፈልጋለች፤ ምርጥ ምርጡ መሬት ተለይቶ በካርታ ይቅረብ። ከትእዛዙ ጋር አንድ የሳተላይት ፎቶግራፍ ከአዲስ አበባ ተላከ። ፎቶው እንዲጎላ ተብሎ ሲባዛ በዳር በዳሩ የነበረው ጽሑፍ ተቆርጦ ቀርቷል። በጀርባው ብቻ አንድ ሰው በእርሳስ «2/76» ብሎ ጽፎበታል።

ሁለተኛው ወር፣ ሰባ ስድስት። ጀላሉዲን ያነበበው እንዲህ ነው፤ ጥቅምት 1976። ያለንበት ዓመት 1977 ከሆነ አምና ጥቅምት የተነሣ ፎቶ መጣልን ቢል ማን ይፈርድበታል? አንድ ነገር ግን ከነከነው። ጥቅምት ላይ ያ አገር ከዳር እስከ ዳር ሰብል ነው፤ ፎቶው በሙሉ ቀይ መሆን ነበረበት። እዚህ ላይ ግን ምድሩ ግራጫ ሆኖ፣ መሐል መሐሉ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ብቻ ይታያሉ። ቆጠራቸው፤ አሥራ አራት ናቸው። አንድ ቀን ሙሉ በማጉያ መነጽር ሲያያቸው ዋለ። በመጨረሻ ምክንያት አገኘለት። አምና ዝናቡ በብዙ ቦታ ያለ ጊዜው ቆርጧል፤ የድርቁ ወሬ በየቤቱ ነው። እንግዲያው ሌላው ማሳ ደርቆ እነዚህ አሥራ አራቱ ለምለም ሆነው ከቆዩ መሬታቸው ውኃ የሚይዝ ነው ማለት ነው። ለኑግ ከዚህ የተሻለ መሬት ከየት ይመጣል?

ሄዶ ለማየት መኪና ጠየቀ። የመሥሪያ ቤቱ የነዳጅ ኩፖን አልቋል። አራት ዓመት ነዳጅ ሲፈልግ የኖረ ሰው ለአንዲት ላንድሮቨር የሚበቃ ሃያ ሊትር አጣ። መርስዔ ኀዘንም፣ «ጀላል፣ ዕቅዱ በጥር መድረስ አለበት፤ አታስበላኝ» አሉት። እሱም በዚያ በሚያምር እጁ ካርታውን ነደፈ፣ አሥራ አራቱን ቦታዎች በቁጥር ለየ፣ ከግርጌው «ፎቶግራፉ የተነሣው ጥቅምት 1976 ዓ.ም.» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። በሕይወቱ ሳይዳብስ የፈረመው የመጀመሪያ ወረቀት ያ ነው።

ካርታው ከበላይ በምስጋና ደብዳቤ ጸድቆ ተመለሰ። የካቲት ላይ ሁለት ቡልዶዘሮች በዱርቤቴ በኩል ሥራ እንደሚጀምሩ ተነገረ። ሁሉም እጁን ጨበጠው። እሱ ግን ምግብ አልበላ አለው። ዘይነት አሞሃል ወይ ብትለው አላመመኝም ይላል፤ ምን ሆንህ ብትለው ምንም ይላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የካርታውን ቅጅና ፎቶውን በፌስታል ጠቅልሎ በአውቶቡስ መሸንቲ ወረደ፤ ከዚያ በእግሩ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ቀጠለ።

ያነጣጠረው ሰባተኛዋን ነጠብጣብ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሄዶ ሲደርስ የማሳ ምልክት የለም። ዋንዛና ሾላ፣ ዶቅማና ብሳና እርስ በርሱ የተያያዘበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ቆሟል። ከሥሩ ምንጭ ይፈልቃል። ሴቶች እንስራቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፣ ከብቶች ከታች በኩል ይጠጣሉ። መንገድ የተሳሳተ መሰለው። ግራ ገብቶት ሲዞር አይተው አንድ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ቀረቡት፤ የምንጩና የደኑ ጠባቂ አለበል ናቸው።

«ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?»

«አያ፣ አምና ጥቅምት እዚህ ምን ተዘርቶ ነበር?»

አለበል ዛፎቹን አዩ፤ ቀጥለው ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «እዚህ? ይህን ዋንዛ አባቴም እንዲሁ እንደቆመ ነው ያገኘው። ምንጩ ክረምት ከበጋ አይጎድልም፤ ሦስት ቀበሌ ከነከብቱ ይጠጣዋል። ማን አብዶ ይዘራበታል?»

ጀላሉዲን ከደኑ ጀርባ ያለች ጉብታ ላይ አለበልን አስከትሎ ወጣና ዙሪያውን ተመለከተ። የካቲት ነው። ሰብል ተሰብስቧል፣ ምድሩ ገለባ መስሏል። በዚያ ገለባ መሐል እዚህም እዚያም አረንጓዴ ቁራጮች ይታያሉ፤ እዚያ ደን፣ እዚያ የሐይቁ ዳር ደንገል፣ እዚያ የእስላሞች መቃብር ከነወይራው። ፎቶውን ከፌስታሉ አውጥቶ ዘረጋው። ፊቱ ያለው አገርና እጁ ላይ ያለው ወረቀት ቁርጥ አንድ ናቸው። ጥቅምት የተነሣ ፎቶ እንዴት አድርጎ የካቲትን ይመስላል?

ወዲያው ዓይኑ በስተቀኝ በኩል ባለ አንድ ሰፊ የባሕር ዛፍ ተክል ላይ አረፈ። ፎቶው ላይ ያንኑ ቦታ ፈለገ። ግራጫ ነው።

«አያ አለበል፣ ያ ባሕር ዛፍ መቼ ተተከለ?»

«በሰባ ዓመተ ምሕረት ነዋ። የገበሬ ማኅበሩ ሁላችንንም አስወጥቶ ግማሽ ጋሻ መሬት ስንተክል ከረምን። እኔ በዚህ እጄ ስንቱን ተከልሁ መሰለህ! መዳፌ ተልጦ ነበር።»

ጀላሉዲን ጉብታው ላይ ቁጭ አለ። በ1970 የተተከለ ዛፍ በ1976 ጥቅምት አምስት ዓመት አልፎታል፤ ፎቶው ላይ እንደ እሳት ቀልቶ መታየት ነበረበት። ካልታየ ፎቶው ሲነሣ ዛፉ አልነበረም። ሰባ ስድስቱ የእኛ ሰባ ስድስት አይደለም፤ የፈረንጅ ነው። ሁለተኛው ወርም የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ነው። የካቲት 1968። በየካቲት ደግሞ፣ ሰብል ሁሉ ታጭዶ ካበቃ በኋላ፣ ቀልቶ የሚቀረው የማይደርቀው ብቻ ነው፤ ደኑ፣ ምንጩ፣ ደንገሉ፣ መቃብሩ። ሊታረሱ የማይገባቸውን አሥራ አራት ቦታዎች አንድ በአንድ ለይቶ፣ እነዚህን እረሱ ብሎ ለመንግሥት የሰጠው እሱ ራሱ ነው።

«ልጄ፣ ውኃ ላምጣልህ?» አሉት አለበል፤ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«እሺ አያ፣ ይስጡኝ» አለ። ጠጣ። ስለ ቡልዶዘሩ ሊነግራቸው አፉን ከፈተና አልቻለም። በዚህ ምክንያት ኋላ ላይ ብዙ ጊዜ ራሱን ወቅሷል።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ለመርስዔ ኀዘን ነገራቸው። አለቃው ሰምተው ሲጨርሱ ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ቡልዶዘሮቹ ሐሙስና ዓርብ ሦስተኛውን ቦታ መንጥረው ጨርሰዋል» አሉት ቀስ ብለው። «ሪፖርቱ አሁን ነው የደረሰኝ።» ሦስተኛው ነጠብጣብ በዱርቤቴ መንገድ ያለው ነው።

መርስዔ ኀዘን ክፉ ምክር አልመከሩትም፤ የዘመኑን ምክር ነው የመከሩት። «ቀኑን በእርሳስ የጻፈው የአዲስ አበባው ሰው ነው። የተሳሳተ መረጃ ላከልን እንላለን። ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም፤ ማንም አይጎዳም።»

«ሰውየውን ፈልገው ቢያገኙትስ?»

መርስዔ ኀዘን ሪፖርቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

በምሳ ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ ዘይነትን ጠብቆ፣ ከዛፍ ሥር ቆመው ነገራት። ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በዚያን ወቅት «የኢኮኖሚ አሻጥር» የተባለች ቃል ስንቱን ከቤቱ እንዳስወጣች ሁለቱም ያውቃሉ። ዘይነት ሰምታ፣ ጥጥ የተጣበቀበትን ሻሿን አራገፈች።

«ዝም ብትል ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ማሽኖቹስ?»

«ይቀጥላሉ።»

«እንግዲያ ወፍራሙን ጋቢ ይዘህ ሂድ» አለችው። «እስር ቤቱ ወለሉ ሲሚንቶ ነው ይላሉ።» ይህን ብላ ደወል ስለተደወለ ወደ ሥራዋ ገባች። ስለ ጀላሉዲን ጀግንነት የሚያወሩ ሰዎች የእሷን ነገር ይዘሉታል፤ መዝለል አልነበረባቸውም።

ረቡዕ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ጓድ ክንዱ ነው፤ የፓርቲው ሰው፣ ጠረጴዛ መምታት የሚወድ። ጀላሉዲን ጋቢውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ተነሣ፤ ፎቶውንና ካርታውን ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ሰቀለ። ከቀለሙ ጀመረ፣ ወደ ባሕር ዛፉ ሄደ፣ ቀኑ ላይ ደረሰ።

«ቀኑን የጻፈው ማን ነው?» አለ ክንዱ።

መርስዔ ኀዘን አንገታቸውን ደፉ። ለጀላሉዲን የማምለጫው በር ተከፍቶለት ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ይበቃዋል።

«በጀርባው ያለውን የጻፈውን ሰው አላውቀውም» አለ ጀላሉዲን። «እሱም አልተሳሳተም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፈ እንጂ። ጥቅምት ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሄጄ ሳላይ የፈረምሁትም እኔ ነኝ።»

«አንድ ቦታ ተመንጥሯል እኮ! ይህን ምን ትለዋለህ?»

«ጥፋት ነው የምለው፤ የእኔ ጥፋት። አሥራ ሦስት ቦታ ቀርቷል። እኔን ነገም ትጠይቁኛላችሁ፤ የትም አልሄድም። ማሽኖቹን ግን ዛሬ አስቁሙ።»

ክንዱ ጠረጴዛውን ሊመታ እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር እንጂ። አሁን እንደ ሰማ ሁሉም አይቶታል፤ ሰምቶ ዝም ካለ ነገ ተጠያቂው እሱ ነው። ስልኩን አነሣና ማሽኖቹ ባሉበት እንዲቆሙ አዘዘ። ከዚያ ሌላ ቁጥር አዞረና ፖሊስ ጠራ።

ጀላሉዲን ሃያ ሦስት ቀን ታሰረ። ሊለቀቅ የቻለው ንጹሕ ነው ተብሎ አይደለም፤ አዲሱን ካርታ የሚሠራ ሌላ ሰው ስለታጣ ነው። ከደረጃው ወርዶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ፤ ካርታውንም እዚያው በአካፋና በቀለም ቆርቆሮ መሐል ባለች ጠረጴዛ ላይ ነደፈው። አሥራ ሦስቱን ቦታዎች ሁሉ በእግሩ ሄዶ፣ የእያንዳንዱን ዛፍ ቅጠል ዳብሶ፣ «ደን»፣ «ምንጭ»፣ «ደንገል»፣ «መቃብር» እያለ ጻፈ። ከግርጌውም እንዲህ አለ፦ «በጥር 1977 በዚሁ እጅ የተነደፈው ካርታ ስሕተት ስለሆነ አይሠራበትም። ጀላሉዲን ኑርሑሴን።» መርስዔ ኀዘን ይህቺን መስመር ተዋት ብለው ለመኑት። አልተዋትም። በዚያ ዘመን፣ ሁሉ ሰው ጥፋቱን በሌላ ሲያሳብብ፣ ስሕተቱን በገዛ ስሙ ካርታ ላይ ያሳተመ ሌላ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ሦስተኛው ነጠብጣብ ያለበት ቦታም ሄዷል። ግንዶቹ ተከምረዋል፤ ሥር ሥሩ ተገልብጦ ፀሐይ ይሞቃል። ከሥሩ የነበረችው ትንሽ ምንጭ ጭቃ ሆና፣ ሚያዝያ ላይ እሷም ደርቃለች። ሴቶች እንስራ አዝለው በዚያ በኩል አልፈው ሩቅ ሲሄዱ አየ። ተቀምጦ አለቀሰ፤ ማልቀሱንም ቤቱ ገብቶ ለዘይነት አልደበቃትም።

ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣለት። ወደ ኦጋዴን ተመልሶ በነዳጅ ፍለጋው ላይ እንዲሠራ፣ የድሮ ማዕረጉም እንዲመለስለት ይላል። የቀድሞው የሶቪየት አለቃው አስታውሶት ነው። ጀላሉዲን ደስ አለው፤ ለምን አይለው? አካፋ ከመቁጠር ይወጣል። ደብዳቤውን መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ የመልሱን ቃል ሲያስብ ሳለ፣ ከግምጃ ቤቱ በር ላይ አንድ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ቆሙ። አለበል ናቸው። የቡልዶዘሩ ነጂ መሸንቲ ላይ ያወራውን ወሬ ሰምተው በእግራቸው መጥተዋል።

«ደናችንን ያስወሰድኸብንም አንተ ነህ፣ ያስመለስኸልንም አንተ ነህ ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው አያ። ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ያን ቀን ሳልነግርዎ በመሄዴም ይቅር ይበሉኝ።»

«ይሁን። ለወቀሳ አልመጣሁም። ለምስጋናም አይደለም።» ተቀመጡና ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ልመና አለኝ። ደናችንን ከዚያ ሥዕል ላይ አጥፋልን። ካልታየ አይመጡም።»

ጀላሉዲን ፎቶውን አውጥቶ ሰባተኛዋን ነጠብጣብ በጣቱ አሳያቸው። አለበል ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩአት።

«ከዚህ ወረቀት ላይ ባጠፋት ዋጋ የለውም» አላቸው። «ፎቶ የሚያነሣው ነገር ከሰማይ አይወርድም። በየአሥራ ስድስት ቀኑ በእናንተ ላይ ያልፋል። ባለፈ ቁጥር ያያታል።»

«በየአሥራ ስድስት ቀኑ?»

«በየአሥራ ስድስት ቀኑ።»

ሽማግሌው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ፤ ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚታየው። «እሱ ያየውን እዚህ ለመንግሥት የሚያነብለት ማን ነው?»

«ለጊዜው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለም።»

«እንግዲያ» አሉ አለበል፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው እየተነሡ፣ «አንተ ከዚህ እንዳትሄድብን።»

ጀላሉዲን እስከ በሩ ሸኛቸው። በማግሥቱ ደብዳቤውን ከመሳቢያው አውጥቶ አልሄድም ብሎ መለሰ፤ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሠራ።